ክሮሳንትን ሐራም ያደረገው ማን ነው?



በቴሌግራም ግሩፖቻችን አንድ መልእክት ደጋግሞ ይዞራል። «ክሮሳንት አትብሉ፤ ኦቶማኖች ቪየና ላይ ሲሸነፉ የከተማዋ ዳቦ ጋጋሪዎች በእስልምና ለማሾፍ በጨረቃ ቅርጽ የጋገሩት ነው» ይላል። ዘንድሮ አንዲት የአንደኛ ዓመት እህታችን ይህን አንብባ፣ ጓደኞቿ የገዙላትን ቁርስ ሳትነካ ተነስታለች። ረሃቡ ያልፋል። እኛን ያሳሰበን «ሐራም» የምትለው ከባድ ቃል በፎርዋርድ እንዲህ መርከሷ ነው።

እስቲ ወሬውን እናጣራው። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1683 ቪየናን ከበው ተሸንፈው መመለሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ኪፕፈርል የሚባለው የኦስትሪያውያን ጎባጣ ዳቦ ከዚያ በፊት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የታወቀ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ያስለመደው ኦገስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ ሲሆን፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ እዚያ የቪየና ዳቦ ቤት ከፍቷል። ዛሬ የምናውቀው በቅቤ የተነባበረው ክሮሳንት ደግሞ በፈረንሳይ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታዲያ በ1683 ገና ያልነበረ ነገር በማን ሊያሾፍ ይችላል? ይባስ ብሎ ፈረንሳይ ውስጥ በንጹህ ቅቤ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚጎብጠው በማርጋሪን የተሠራው ነው።

ወሬውን ካጣራን በኋላ፣ ውስጡ ምን እንደሚገባ በእጃችን ለማወቅ አራት ሆነን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ጋገርን። አከራያችን አላህ ይስጣቸውና ኦቨናቸውን ፈቀዱልን። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ የገበታ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ጨውና እርሾ፤ በቃ ይኸው ነው። ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አሳደርነው። በማግስቱ ቅቤውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፈን በሊጡ ሸፈንነው፤ ከዚያ ዳምጠን ሦስት እጥፍ አደረግነው። ፈጢራ ሲታጠፍ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደገም 3 በ3 በ3፣ 27 የቅቤ ንብርብር ይሆናል።

እዚህ ላይ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ልቡ ይሞቃል። ቅቤው 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከሊጡ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ከዚያ በጣም ከቀዘቀዘ ይሰነጣጠቃል፤ ከ30 ካለፈ ደግሞ ቀልጦ ሊጡ ውስጥ ይገባና ንብርብሩ ይጠፋል። ስለዚህ በየእጥፉ መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ማስገባት ግድ ነው፤ መብራት እንዳይጠፋ ዱዓ ያደረግነውም ለዚህ ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ በቅቤውና በሊጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ንብርብሮቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። የነጠረ ቅቤ የማይሆነውም ውሃው ስለወጣለት ነው (ኮሰረት የሚሸት ክሮሳንት ማን ይበላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ሆኖ)። የኛዎቹ ላያቸው ተንኮሻኮሸ፣ ውስጣቸው የማር እንጀራ መሰለ። ቅርጻቸው ግን ከጨረቃ ይልቅ ለዝንጅብል ይቀርብ ነበር።

መጠየቅ የሚገባውን ያየነው እጃችን ቅቤ ሲነካ ነው። ስለ ቅርጹ የሚጨነቀው መልእክት ስለ ስቡ አንድ ቃል የለውም! ዳቦ ቤቱ የተጠቀመው ቅቤ ነው፣ ማርጋሪን ነው ወይስ ሌላ ስብ? ማርጋሪን ከሆነ ማሸጊያው ላይ ኢ471 የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሱም ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳት ስብም ሊሠራ ይችላል። ይህን ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አያሳፍርም።

«መጠንቀቅ አይሻልም ወይ?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ለራሱ የተጠነቀቀ አላህ ይቀበለው። ሌላውን መከልከል ግን ማስረጃ ይፈልጋል። መድረሳ ቁጭ ብለን የተማርነው የምግብ መነሻው መፈቀድ መሆኑን፣ ወሬ ሲመጣም ተበዩን ማድረግ እንዳለብን ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያልለካነውን ቁጥር ሪፖርት ላይ አንጽፍም። በዲናችን ስም የሚዞር ወሬ ላይ ሲሆን ጣታችን ለምን እንደሚፈጥን ይገርመናል።

ለሚቀጥለው ሐሙስ ኢፍጣር እንደገና ልንጋግር አስበናል። የገበታ ቅቤ ዋጋው አይቀመስምና ማዋጣት የምትችሉ ከዙህር ሶላት በኋላ አነጋግሩን። ቅርጹን በተመለከተ፣ ቀጥ ያለም ጎባጣም ይኖራል።