የጎመን መደብ ጠርዝ በምን ይሠራ?

ዛሬ ስለ ጓሮ መደብ እንነጋገር። መደብ ያልነው ጎመን፣ ባሚያና ቃሪያ የምንተክልበትን ከፍ ያለ አፈር ነው።

የአብደራፊ ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ውኃው ቶሎ ወደ ታች አይሰርግም። የተክሉ ሥር አየር ያጣና ይበሰብሳል። ለዚህ ነው በክረምት መደብ የሚያስፈልገን።

የመደብ የመጀመሪያው ዕቃ አፈሩ ራሱ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ፣ ገበሬዎች ይህን ያውቁታል። ዋልካው ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ ያወጣሉ። ሴቶችና ልጆች በዚህ ሥራ ብዙ ይደክማሉ። እንጨት የለ፣ ድንጋይ የለ፤ ውኃው ግን በቦዩ ይወርዳል። እኛም ለጓሯችን ሁለት ክንድ ስፋት፣ አንድ ስንዝር ከፍታ ይበቃናል። እጃችን ከዳር ሆኖ መሐሉን ይደርሳል።

አፈሩ እንዳይናድ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው ሽመል አለው። ካስማ ተክሎ ሽመሉን እንደ አጥር መጎንጎን ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ እውነት ነው። አመድ ቢነሰነስበት ጥቂት ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሲያረጅ ይለወጣል። ድንጋይ ከአንገረብ ዳር ማምጣት የሚችል ያምጣ፤ ምስጥ አይደፍረውም። በሲሚንቶ ግን አያያይዘው። ዋልካው ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ሲሚንቶውን ይከፍለዋል፣ ገንዘቡም ይባክናል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። በሰሊጥና በጥጥ አገር የመድኃኒት በርሜልና ጀሪካን አይጠፋም። ጠንካራ ነው፣ ምስጥ አይበላውም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ስለዚህ ሰው ለሁለት ሰንጥቆ ጎመን ይተክልበታል። ይህ አደገኛ ነው! የፀረ ተባይ መርዝ በዕቃው ውስጥ ይቀራል። በውኃ ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ ምግባችን ይገባል።

እንግዲህ ፊደል ቆጥረናልና በዕቃው ላይ ያለውን እናንብብ። ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ ሥዕሉን እንይ። የራስ ቅልና አጥንት ካለበት ገዳይ መርዝ ነው። ከታች ቀይ መስመር ካለበትም መርዙ እጅግ የከፋ ነው ማለት ነው። መስመሩ አረንጓዴ ቢሆንስ? ያም ቢሆን ለምግብና ለውኃ አይሆንም። ባዶውን ዕቃ ሌላ ሰው አንስቶ ውኃ እንዳይቀዳበት እንብሳው። የት እንደሚጣል የግብርና ሠራተኛውን እንጠይቅ።

የመብራት ምሶሶ ቁራጭም እንዳይበሰብስ በመርዝ የተነከረ ነው፤ ለጠርዝ አይሁን። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት የምንቀባው እንጨትም ከጎመን ይራቅ፤ ለቤት ምሰሶ ይቆይ። የማዳበሪያ ከረጢት ግን ታጥቦ አፈር ቢሞላ ለቃሪያ ይሆናል። ፀሐዩ ስለሚበጣጥሰው ብዙ አይቆይም።

እስካሁን በመድኃኒት በርሜል የተከላችሁ ካላችሁ የበቀለውን አትብሉ፤ ለከብትም አትስጡ። ያንን አፈር ትታችሁ አዲስ መደብ ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ።

ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም ከፍ ያለው መደብ ቶሎ ይደርቃል። ያኔ ተክሉን ዝቅ ባለ መደብ ላይ እንተክላለን። የምናጠጣው ውኃ እንዳይፈስ ጠርዙን በአፈር ብቻ ከፍ እናደርጋለን። ላዩን የማሽላ አገዳ እንጎዘጉዝበታለን።