የክልል ምክር ቤቶች ሥልጣናቸውን ይሥሩበት

ስለ ፌዴራሊዝም በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ወሰንና በጀት ላይ ይቆማል። የትኛውን ሕግ ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄ ግን ትዳራችን ውስጥ፣ ልጆቻችን ዕጣ ላይ ነው ያለው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት ለብቻው ወይም ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው ይላል። የንግድ፣ የአሠሪና ሠራተኛ እንዲሁም የወንጀል ሕግ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን ይኸው ምክር ቤት ሕግ የሚያወጣው አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር ማስፈለጉን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲያምንበት ነው።

ስለዚህ በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ሕጉ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 18 አደረሰው። እንደ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ ያሉ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሕግ ያላወጣ ክልል ግን ዳኛው እጅ ላይ የሚተወው ያንኑ የ1952ቱን ሕግ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባን ሰው ይቀጣል፤ የሚቀጣው ግን አግባብ ያለው የቤተሰብ ሕግ ከፈቀደው ውጪ ሲሆን ነው። የክልሉ ምክር ቤት ዝም ሲል የፌዴራሉ ቅጣትም ይላላል ማለት ነው።

መፍትሔው ሥልጣኑን ወደ ማእከል መመለስ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጋብቻና ውርስ ከአካባቢው ባህል ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ ሕዝቡን በቅርብ የሚያውቀው ምክር ቤት ቢደነግጋቸው ይሻላል። ይሁን እንጂ የባህል ልዩነት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 35 ለሴቶች ካረጋገጠው እኩልነት በታች መውረጃ ሊሆን አይገባም። ሥልጣን ግዴታም ነው፤ ያልተሠራበት ሥልጣን ደግሞ ጉዳቱ የሚያርፈው በአቅመ ደካማ ላይ ነው።

ከ2012 ወዲህ ሲዳማን ጨምሮ አዳዲስ ክልሎች ተመሥርተዋል። ሕግ የማውጣት ሥራቸውን ከቤተሰብ ሕግ ቢጀምሩ ለዜጎቻቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል። እናንተም አንባብያን፣ የመረጣችሁትን የክልል ምክር ቤት አባል ስታገኙ ከመንገዱና ከውኃው ጥያቄ ጋር ይህንንም ጠይቁ፦ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለሴት ልጄ ምን ይላል?