ጥፋቱ የብርሃኑ ነውን ወይስ የአንባቢው?

በእጅ ስልክ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ሲደርቅና ሲቆጠቁጠው፥ ራሱንም ሲያመው፥ ጥፋቱን ሁሉ በስልኩ ብርሃን ላይ መጣል የዘመኑ ልማድ ሆኗል። አንዱ «ሰማያዊው ብርሃን ዓይንን ያጠፋል» ብሎ ያስፈራራል፤ ሌላው ይህን ፍርሃት ተከትሎ ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የተባለውን መነጽር ይሸጣል። ፈሪው ይገዛል፥ ነጋዴው ይከብራል፤ ዓይን ግን እንደ ደከመ ይኖራል።

ይህ ወሬ ቢመረምሩት አይጸናም። ከስልክ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ከቀን ሰማይ ከሚወርደው ጋር ቢነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓይን የሚያጠፋስ ቢሆን ከጧት እስከ ማታ በሜዳ የሚውለው ገበሬ ሁሉ አስቀድሞ በታወረ ነበር። የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ማኅበርም 17 ሙከራዎችን አመዛዝኖ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ይህ መነጽር ከሌላው መነጽር ይልቅ የዓይንን ድካም በአጭር ጊዜ እንደሚያቀል ማስረጃ አላገኘም።

እንግዲያ ድካሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከአነባበቡ ነው። ሰው እንደ ልማዱ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ወደ ስልክ ሲያፈጥ ግን ቍጥሩ ወደ እኩሌታው ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፥ ዓይኑም ይደርቃል። ስልኩን ወደ ፊቱ ባስጠጋው መጠን የቅርቡን የሚያጠራው የዓይን ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል። መብራት አጥፍቶ ቢያነብ፥ ጨለማው ብሌኑን «ስፋ» ይለዋል፥ የስልኩ ነጸብራቅ «ጥበብ» ይለዋል፤ ብሌኑም ሁለት ጌታ እንዳለው ሎሌ ይጨነቃል። በፀሐይ ቢያነብ ደግሞ መስተዋቱ ስለሚያንጸባርቅ ፊደሉ ይጠፋበታል። በአገራችን ፊደልማ ችግሩ ይብሳል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ሉን ከሊ የምትለየው አንዲት ጭረት በወገብ መውጣቷ ወይም በእግር መውረዷ ናትና። የብራና ጸሐፊ ለታላቁ መጽሐፍ ፊደሉን ማጉላቱ፥ ኅዳጉን ማስፋቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊደሉን ማጉላት፥ የስልኩን ብርሃን ከቤቱ ብርሃን ጋር ማስማማት፥ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ዓይንን አንሥቶ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ነገር መመልከት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ብዥታን ሁሉ በስልክ የሚያመካኝ ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ እኩሌታ የሚያህለው የመጣው በዓይን ሞራ ነበር፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ግላኮማ ግን አንድ ጊዜ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ቀድሞ የደረሰበት ብቻ የቀረውን ያድናል። ስለዚህ ለባለ ቀለም መነጽር የሚወጣው ብር ለዓይን ምርመራ ቢውል ይሻላል። ንጹሑን ብርሃን የሚከስስ፥ ደመኛውን በቤቱ ሸሽጎ እንደሚያሳድር ሰው ነው፤ ልብ ይሏል።