ዋካንዳ ለዘላለም፦ የአንድ ወዳጅ ቅሬታ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። የምወደውን ነገር መውቀስ አይሆንልኝም። በዚያ ላይ ፊልሙ የተሠራው ለሞተ ሰው መታሰቢያ ስለሆነ፣ እንከኑን መዘርዘር ለቅሶ ቤት ገብቶ የንፍሮውን ጨው ማነስ እንደ ማማት ይሆንብኛል። ይሁንና አንባቢ ከወዳጅ የሚሻው ሽንገላን አይደለምና፣ እነሆ በአራተኛው ሙከራዬ የልቤን ልጻፍ።

የማወጋችሁ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለእይታ ስለበቃው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎሬቨር» ነው። ዋካንዳ በምናብ የተፈጠረች አገር ናት። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1966 «ፋንታስቲክ ፎር» በተሰኘው የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት 52ኛ እትም ላይ ንጉሧን ቲቻላን ለዓለም አስተዋወቁት። ቅኝ ገዥ ረግጧት አያውቅም፤ ቫይብራኒየም የተባለ ብርቅ ማዕድን ከርሠ ምድሯን ሞልቶታል፤ ሀብቷንም ጥበቧንም ከዓለም ሸሽጋ ትኖራለች። ራያን ኩግለር ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም በ2018 ሲወጣ እኔም እንደ ብዙ ያገሬ ልጆች «ይህችማ እኛው ነን» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አድዋን የሚያውቅ ሰው ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር በነጭ ሸራ ላይ ሲያይ ሌላ ምን ይላል?

ለነገሩ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር በፊልሙ ውስጥ በእርግጥም አለ። በንጉሡ ምክር ቤት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ የለበሰው የወንዝ ነገድ አለቃ፣ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጓል። የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ሩት ካርተር ይህን ያገኘችው ከታችኛው ኦሞ፣ ከሙርሲና ከሱርማ ነው። በአገራቸው እነዚህ ሴቶች የጎብኚ ካሜራ ሲሳይ ናቸው፤ በዋካንዳ ግን ገሉ መንግሥት ከሚመክር ሰው ከንፈር ላይ ነው። በእኛ ፊልሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቶ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይህን ብዬ ልለፍ።

ቲቻላን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን በ2016 የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለበት ተነግሮት ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ሲቀረጽ ሕመሙን በሆዱ ይዞ ይዘልና ይታገል ነበር ማለት ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በ43 ዓመቱ ሲሞት ዓለም ደነገጠ፤ አብረውት የሠሩት ብዙዎቹ እንኳ መታመሙን አያውቁም ነበርና። ኩግለር በዚያን ጊዜ የክፍል ሁለትን ረቂቅ ጽፎ ነበር። የአባትና የልጅ ታሪክ ነበር። ቦስማን ግን ለማንበብ አቅም አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የፊልሙ ወዳጆች ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ሚናው ለሌላ ተዋናይ ይሰጥ፤ ሰው ይሞታል፣ ገጸ ባሕርይ ግን አይሞትም» አለ። ሌላው «ሰውየውም ንጉሡም አንድ ናቸው፤ አብረው ይቀበሩ» አለ። የማርቨል ሹማምንት ሁለተኛውን መረጡ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርኩ። የቴአትር ሰው የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን ኦቴሎንና ሐምሌትን አንድ ተዋናይ ብቻውን ይዞ መቃብር ቢወርድ ኖሮ ዛሬ ምን ይቀረን ነበር? ሚና እንደ ካባ ነው፤ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል። እንዲህ ብዬ ስሟገት ከርሜ ነው ሲኒማ ቤት የገባሁት።

የፊልሙ መጀመሪያ አፌን አዘጋኝ።

ሸራው ገና ጨለማ ሳለ የእኅቱ የሹሪ ድምፅ በጸሎት ይሰማል። ወንድሟ ሊሞት ነው፤ እርሷ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ መድኃኒት ልትቀምም ትጣደፋለች። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን አናይም። እናቱ ንግሥት ራሞንዳ ገብታ ማረፉን ትነግራታለች፤ አበቃ። ቀጥሎ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከበሮ፣ ጭፈራ፣ በትከሻ የሚሄድ ሣጥን። ከዚያ የኩባንያው ዓርማ፣ በሟቹ ምስሎች ተሞልቶ፣ ያለ አንዳች ሙዚቃ ያልፋል። በዚያች ዝምታ ውስጥ አዳራሹ ሲያለቅስ ሰማሁ። ሌላ ተዋናይ ካባውን ደርቦ ቢመጣ ኖሮ ይህ ለቅሶ የት ይገባ ነበር?

ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ቤት ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የልዕለ ኃያላን ፊልምም «የሰማይ ድብድብ» ትለዋለች። ታናሽ ወንድሟን፣ አጎቴን ቀብራ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ የከረመች ሰው ናት። ሣጥኑን ስታይ ሥራዋን አስቀመጠች።

«ምኗ ነው የሞተባት?»

«ወንድሟ።»

«ታላቋ ነው ታናሿ?»

«ታላቋ።»

ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች። ጭፈራውን ስታይ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ «ይሁን፤ ለጀግናማ ድሮም ይፎከርለት ነበር» አለች። ከዓመት በኋላ ራሞንዳ ልጇን ወደ ወንዝ ዳር ወስዳ የሐዘን ልብሳቸውን አቃጥለው ሐዘናቸውን እንዲያወጡ ስትለምናት፣ ሹሪም እንቢ ስትል፣ ምንም መተርጎም አላስፈለገኝም። ሙት ዓመት መድረሱን ገብቷታል። ልጅቱ ማቋን ለማውለቅ አለመፍቀዷም ገብቷታል። ይህን በቋንቋ ሳይሆን በሰውነት ያስረዳው የአንጄላ ባሴትና የሌቲሺያ ራይት ጥበብ ነው።

ከለቅሶው ቀጥሎ ልቤን የነካው የጄኔቫው ትዕይንት ነው። ፈረንሳይ የላከቻቸው ታጣቂዎች ማሊ ውስጥ ያለ የዋካንዳ ማዕከል ላይ ቫይብራኒየም ሊዘርፉ ይገባሉ። ራሞንዳ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆማ ታላላቆቹን መንግሥታት እየወቀሰች ሳለ፣ የሴት ዘቦቿ የተማረኩትን ወታደሮች የፊጥኝ አስረው አምጥተው ያንበረክኳቸዋል። የዓለም ሰው በዚህ አጨብጭቧል። እኔ ግን ሌላ ጄኔቫ ትዝ አለኝ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያችው ከተማ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ነበር፤ አገራቸው በመርዝ ጢስ ተቃጥላ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት እየተሳለቁባቸው። ምርኮኛ አስረው አላቀረቡም፤ ያቀረቡት ቃል ብቻ ነበር። ማኅበሩም አልደረሰላቸውም። ምናብ ለተበደለ ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የልዕለ ኃያላን ፊልም ለምን እንደምወድም የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

የዋካንዳ ባላንጣ ሆኖ የመጣው ኔሞር የታሎካን ንጉሥ ነው። በ1939 ሲፈጠር ከባሕር በታች ያለች የአትላንቲስ ልዑል ነበር፤ ኩግለር ግን ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ማያ ሕዝብ አዛወረው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከስፔናውያንና ከፈንጣጣቸው ሸሽተው ባሕር ውስጥ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነው። እናቱን በአገሯ አፈር ሊቀብር ሲወጣ ወገኖቹ በጅራፍ ሲገረፉ አይቶ፣ በቁጣ ያን እርሻ ያቃጥላል። ቴኖች ዌርታ ይህን ሰው ሲጫወት ክፉ ነው ለማለት አንደበቴ አልታዘዘኝም። የሹሪ ቁስልና የእርሱ ቁስል አንድ ነው፤ ሁለቱም በቅኝ ገዥ ዓለም አጥር ላይ የቆሙ ናቸው። ታሎካንን ሲያስጎበኛት ሁለቱ እንደሚስማሙ፣ ቢያንስ እንደሚነጋገሩ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ግን ፊልሙ ያጋድላቸዋል። ማዕድኑን ፍለጋ ባሕሩን የቆፈረው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነው፤ በጦር ማዕከሉን የደፈሩት ፈረንሳዮች ናቸው። በመጨረሻ ግን መርከብ ላይ የሚተላለቁት የዋካንዳና የታሎካን ልጆች ናቸው። ፈላጊዎቹ ቢሯቸው ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ። «ይህ የዓለም እውነት ነው» የሚል ይኖራል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ደራሲ ያን እውነት እያወቀ ሲያሳየን አንድ ነገር ነው፤ ጦርነት ስለሚያስፈልገው ብቻ ሁለቱን ተበዳዮች ሲያናክስ ሌላ ነው። ፊልሙ ከሁለቱ የትኛውን እንዳደረገ እርግጠኛ ሆኖ አልታየኝም፤ የመጨረሻው ውጊያም የጥድፊያ ሽታ አለው።

የ161 ደቂቃው ርዝመት ብዙ ትርፍ ነገር ተሸክሟል። ማዕድን ጠቋሚውን መሣሪያ የፈጠረችው ተማሪ ሪሪ ዊሊያምስ ብልህና ተጫዋች ልጅ ናት፤ ግን ከለቅሶው መሐል የመጣች የሌላ ሰርግ ጥሪ ትመስላለች። በ2025 የራሷ ተከታታይ ድራማ ሲወጣ ጥሪው የማን እንደነበር ታወቀ። የስለላ ሹማምንቱ ሽሙጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ ማንም አይናፍቀውም ነበር። ኩባንያው ሐዘኑን ፈቀደ፤ ገበያውን ግን አልዘጋም።

ከሁሉ የከፋኝ የራሞንዳ ሞት ነው። ኔሞር ዋካንዳን በውኃ ሲያጥለቀልቅ፣ ንግሥቲቱ ሪሪን ለማዳን ሰጥማ ትሞታለች። እናቴ እዚያ ላይ «ምነው እሷን ገደሏት? ልጇን የቀበረች አትበቃም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ታሪኩ ሹሪን ደም መላሽ ሊያደርጋት ስለፈለገ እናቲቱን እንደ ጭድ እሳት ውስጥ ጨመራት። ባሴት በዚህ ሚና ለኦስካር ስትታጭ ከማርቨል ፊልሞች የመጀመሪያዋ ተዋናይ ሆነች፤ ሽልማቱን ግን አላገኘችም። እንዲያ ያለችውን ንግሥት ታሪኩ ከገደላት በኋላ ሚዛኑ ሲዘም ይታያል።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ያ ሞት ያስገኘው አንድ ትዕይንት ከሙሉው ፊልም ይበልጥብኛል። ሹሪ የልብ ቅርጽ ያለውን ዕፅ ጠጥታ ወደ አባቶች ምድር ስትሻገር እናቷን ወይም ወንድሟን እናያለን ብለን ስንጠብቅ፣ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃት በመጀመሪያው ፊልም የሞተው ኪልሞንገር ነው። እንደ ወንድሟ ይቅር ባይ ትሆን፣ ወይስ እንደ እርሱ ጉዳዩን ጨርሳ ትገባ እንደሆነ ይጠይቃታል። በአገራችን ደም መመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አይሰማውም። ገዳይን ፊት ለፊት አቁሞ ሽማግሌ ሳይገባ፣ ደም ሳይደርቅ፣ በራስ ልብ ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃልና። ሹሪ በኋላ ጦሯን ኔሞር ላይ ሰንዝራ ትመልሰዋለች። አመላለሷ ቸኩሏል፤ ግን አመንኳት፤ ራይት ዓይኗ ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ይዛዋለችና።

ገንዘቡን ለሚቆጥሩ፦ የመጀመሪያው ፊልም ወደ 1.35 ቢሊዮን ዶላር፣ ይህኛው ወደ 859 ሚሊዮን አስገብቷል። ካርተር በሁለቱም ፊልሞች የአልባሳት ኦስካር ወስዳ ሁለት ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ የሚገባት ነው።

መጨረሻው ሄይቲ ነው። ሹሪ ባሕር ዳር ተቀምጣ ያን እንቢ ያለችውን የሐዘን ልብስ እሳት ውስጥ ትከተዋለች፤ የወንድሟ ፊት በትዝታዋ ይመጣል፤ ድምፅ የለም። እናቴ ቀና ብላ አየች።

«አሁን ነው ማቋን ያወለቀችው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ቆየች» ብላ ሥራዋን ሰብስባ ልትተኛ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አጭር ትዕይንት ብቻዬን አየሁት። ናኪያ፣ የሟቹ ፍቅረኛ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ይዛ ትመጣለች። በሄይቲ ቱሳን ይባላል፤ የዋካንዳ ስሙ ግን ቲቻላ፣ የቲቻላ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሳየው ተናድጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል አስለቅሰውን፣ «አይተካም» ብለውን፣ በስተኋላ በር ምትክ አስገቡ ብዬ። ነጋዴው ለክፍል ሦስት ቀብድ ከፈለ ብዬም በየደረስኩበት አማሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለእናቴ ነገርኳት፤ «ለካ ሟቹ ልጅ ነበረው፤ መጨረሻ ላይ አመጡት።»

«ስሙ ማነው?»

«የአባቱ ስም ነው።»

እጇን ከእንጀራው አነሣች። «ስም አስጠሪ እያለው ነው እንግዲህ እንደዚያ ያስለቀሱኝ?» አለችኝ። «ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ አልተኛም ነበር።»