ጉብኝት ለውሎ አበል ሳይሆን ለመተዳደሪያ ደንብ ይሁን

አርሶ አደር ከሚነገረው ይልቅ በዓይኑ ያየውን እንደሚያምን የታወቀ ነው። የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሌላ አካባቢ ሄደው እንዲጎበኙ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በምሳና በውሎ አበል አልቆ ለመንደሩ ፍሬ ሳያስገኝ የሚቀር ጉብኝት ጥቅሙ ምንድን ነው?

ከከሚሴ ማልዶ የተነሣ ቡድን በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ የሐይቅንና የአርዲቦን ሐይቆች በአንድ ቀን አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል የሚመለከት መሪ ግን የውሃውን ውበት ብቻ አድንቆ መመለስ የለበትም። ከላይ ያለው አርዲቦ ትርፍ ውሃውን ወደ ሐይቅ ያወርዳል፤ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለሆነም ከተራቆተ ተዳፋት ታጥቦ የገባ አፈር እዚያው ይቀራል። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው በመንዝ ጓሳ ነው። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ በምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የሚወርደው ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ሕዝቡ የጓሳውን ሣር «ቄሮ» በተባለ ነባር ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያም ከብት ይገባል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ጥበቃው መልሶ እንዲያንሰራራ ዋናውን ድርሻ ያበረከተው ግን አዋሳኝ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች ያቋቋሙት ኮሚቴ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳም የዚሁ ጥበቃ ትሩፋት ነው።

ታዲያ ጨፋስ? በቦርከና ውሃ የሚረሰርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋር፣ የአርጎባና የአማራ ከብት የሚሰማራበት የጋራ ሀብት ነው። ዳር ዳሩ እየታረሰ በሄደ ቁጥር ግጦሹ ይጠባል፤ ግጦሹ ሲጠብም ጠብ ይበረታል።

«ጨፋ ቢከለል ድሃው ከብቱን የት ያሰማራል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በተራ መዝጋትና በተራ መክፈት እንጂ ለዘለዓለም መከልከል አይደለም። ከሩቅ የሚመጣው አርብቶ አደር ያልተስማማበት ደንብም ደንብ ሊሆን አይችልም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው የደረሰው የሕይወትና የንብረት ጥፋት ሽማግሌዎችን ከሁሉም ወገን አንድ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያስገነዝባል።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ለጉብኝት የሚሄዱ መሪዎች ሦስት ነገሮችን ይዘው ሊመለሱ ይገባል፦ የረግረጉን የእርሻ ድንበር፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ወቅት፣ ደንብ አፍራሽ የሚከፍለውን ካሣ። እነዚህን ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርበው ማስወሰን የእነርሱ ኃላፊነት ነው። ከተራራ ላይ ቆሞ ያዩትን ውሃ ሜዳ ወርዶ ካልጠበቁት፣ ማየቱ ብቻ ከብት አያጠጣም።