ጋሼ፣ ብባረርስ?

ባለፈው ሰሞን እሁድ ከአምልኮ በኋላ እዚህ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሽኝት ፕሮግራም ነበረን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፈው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ሰባት ልጆቻችን ወደ መድረክ ወጡ። እናቶች እልል አሉ፣ ኳየሩ ዘመረ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩላቸው፣ ለእያንዳንዳቸውም መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጣቸው። ከዚያ ማይኩ ዞረና አንድ በአንድ መሰከሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል የጀመሩት «ጌታ አሳለፈኝ» ብለው ነው። እኛም በታላቅ ድምፅ «አሜን!» አልን።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰዉ ሻይና ዳቦ ሲቀማመስ፣ ከሰባቱ አንዷ ወንበር ልትደረድርልኝ መጣች። የተወሰነ ካነሣን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችኝ። «ጠይቂኝ» አልኳት። «ብባረርስ? ያኔ እዚህ መድረክ ላይ ወጥቼ ምን እላለሁ?»

እኔም እንደ ደንቡ «አይዞሽ፣ አትባረሪም፣ ጌታ ካንቺ ጋር ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ ሄደች። ቤቴ ስደርስ ግን ያልኳት ነገር መልስ እንዳልነበረ ገባኝ። ጥያቄዋን ዘጋሁባት እንጂ አልመለስኩላትም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሉ ልጆች፣ ከዚያም በላይ እነርሱን መድረክ ላይ ላወጣን ለእኛ ነው።

በመጀመሪያ ልጆቹ የመጡበትን መንገድ እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም በ2017ም ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ልጆች ከደጅ ቀርተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለሚፈልግማ ሌላ በር አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የገባ ልጅ ጌታን ቢያመሰግን ማን ይነቅፈዋል? ያዕቆብ በመልእክቱ (1፥17) በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ እንደሆነ ያስተምረናል። ምስጋናው ተገቢ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከምስጋናው ጋር ተደባልቆ የሚገባው ሌላ ትምህርት ነው። ያን እሁድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ከፈተናው በፊት ከእኛ ጋር ጾሟል፣ ጸልዮአል፤ ከሰባቱ ከአንዳንዶቹ ይልቅ ያጠናም ይመስለኛል። ውጤቱ ግን ከ50 በታች ሆነ። ሬሜዲያል ይገባ ይሆናል፣ ወይም በግል ተፈታኝነት እንደገና ይሞክር ይሆናል። ሰባቱ «ጌታ አሳለፈኝ» ባሉ ቁጥር አንገቱን ሲደፋ አይቼዋለሁ። እነርሱን ጌታ ካሳለፋቸው እርሱን ማን ጣለው? ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅነውም።

ወንበር ያነሣችልኝ ልጅ ይህን ነገር ከሁላችንም በላይ ተረድታዋለች። ማለፍ ጌታ ከእኔ ጋር ለመሆኑ ማስረጃ ከሆነ፣ መውደቅ ደግሞ ጌታ ትቶኛል ለማለት ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ የፈራችው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ጌታን እንዳታጣ ፈርታለች፤ እኛንም እንዳታጣ ፈርታለች።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። እኔም በጊዜዬ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ መስክሬአለሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ዋርኒንግ መጣብኝ። ለእረፍት ወደ ቤት ስመለስ ከመርካቶ የተሳፈርኩበት ታክሲ 18 ሲደርስ «ወራጅ አለ» አላልኩም። ማዞሪያው ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዳያዩኝ አልፌ ወርጄ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ተመለስኩ። ሁለት እሁድ ቀረሁ። ለእናቴ «አሞኛል» አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የጸሎት እናት ቤታችን መጡ። ስለ ውጤቴ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። «ከሳህ ልጄ፣ ምግቡ እንዴት ነው?» አሉኝ፤ ጸለዩልኝ፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ውጤቴን አሻሻልኩ። ግን ባላሻሽለውም ኖሮ እኒያ እናት ይመጡ እንደነበር አልጠራጠርም። ወንጌልን በዚያ ቀን ከብዙ ስብከት በላይ የተረዳሁት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ይዘዋቸው የሚሄዱትን ጥያቄዎች ሳንዘጋ እንያቸው።

የመጀመሪያው «እኔ እዚያ የምገባ ሰው ነኝ ወይ?» የሚለው ነው። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አንደኛ ነበራችሁ። እዚያ የምታገኙት ሁሉ አንደኛ የነበረ ነው፤ ከአንደኞች መካከል ደግሞ መጨረሻ የሚወጣ መኖሩ አይቀርም። መምህሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ጎናችሁ ያለው ልጅ እየሳቀ ሲጽፍ እናንተ ገና የመጀመሪያውን ስላይድ አልጨረሳችሁም። ያኔ «በስሕተት ነው የገባሁት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች (1ኛ ቆሮ. 4፥7) ያላችሁን ሁሉ የተቀበላችሁት ነው ብሎ ትዕቢታቸውን ይሰብራል። ይህ ቃል ትዕቢትን እንደሚሰብር ፍርሃትንም ይሰብራል። የተሰጠህ ቦታ ስለሆነ አትታበይበትም፤ የተሰጠህ ቦታ ስለሆነ እንደ ሌባ አትሸማቀቅበትም። በተግባር ደግሞ ያልገባችሁን ጠይቁ። መምህሩ ቢሮ ሂዱ፤ ሲኒየሮችን ጠይቁ፤ ላይብረሪ ሚድ ሲደርስ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ግቡ። ዋርኒንግ የመጣብኝ ስላልቻልኩ ሳይሆን አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ ዝም ስላልኩ ነው።

ሁለተኛው የዲፓርትመንት ጥያቄ ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ የዚያ ዓመት ውጤት የምትገቡበትን ክፍል በአብዛኛው ይወስናል። ወላጅ ሜዲስን ይላል፣ ጎረቤት ሶፍትዌር ይላል። በቤተ ክርስቲያንም ትንቢት የሚናገር አይጠፋም፤ የሚገርመው ግን ትንቢቱ ሁልጊዜ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ትሆናለህ የሚል መሆኑ ነው። አካውንታንት ወይም የጂኦግራፊ መምህር ትሆናለህ የተባለ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት የእጅ ባለሙያ ያሳየናል፤ ባስልኤል በወርቅ፣ በድንጋይና በእንጨት የሚሠራ ሰው ነበር (ዘጸአት 31፥1-5)። ሉቃስ ሐኪም ነበር፣ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ጥሪ በዲፓርትመንት ስም አይለካም። ውጤታችሁ የፈለጋችሁትን ክፍል ካልሰጣችሁ የጌታ ዕቅድ አልተሰበረም።

ሦስተኛው «እምነቴን ይዤ እወጣለሁ ወይ?» የሚለው ነው። አንዳንድ ወላጆች ሎጂክና አንትሮፖሎጂ የሚባል ኮርስ እንዳለ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ዳንኤልን እናስታውሳቸው። ዳንኤልና ጓደኞቹ ተመርጠው ወደ ባቢሎን ቤተ መንግሥት የገቡ ወጣቶች ነበሩ። ለሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሑፍና ቋንቋ ተማሩ፤ ስማቸው እንኳ ተቀየረ። ዳንኤል ብልጣሶር ተባለ። ዳንኤል ክፍል አልገባም አላለም፤ መጽሐፉን አላቃጠለም። እምቢ ያለው ማዕዱን ነው (ዳንኤል 1፥8)። ጥበቡ መጽሐፉንና ማዕዱን መለየት ነበር። እናንተም መምህሩ የሚያስተምራችሁን በሚገባ ተማሩ፤ ጥያቄ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ፤ ማስታወሻ ላይ ጻፉትና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከዶርም ጓደኞቻችሁም ጋር በሰላም ኑሩ። 18 አካባቢ ያደገ ልጅ ንጋት ላይ አዛን፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ እየሰማ፣ ከሁሉም ጋር ቡና እየጠጣ ነው ያደገው። ያንን ጉርብትና ወደ ግቢም ይዛችሁት ግቡ።

ኅብረት ፈልጉ። የንጉሡ ቁጣ በመጣ ጊዜ ዳንኤል ወደ ቤቱ ሄዶ ነገሩን ለሦስቱ ጓደኞቹ አስታወቀ (ዳንኤል 2፥17-18)። በየግቢው የኢቫሱ ኅብረት አለ። በአገራችን የወንጌል ታሪክ ውስጥ የተማሪዎች ኅብረት ያለውን ቦታ የሚያውቅ ያውቃል፤ በ1950ዎቹ በናዝሬት፣ በሐረርና በአዲስ አበባ በተማሪዎች መካከል የተነሣው መነቃቃት ነው ለሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን መመሥረት ምክንያት የሆነው። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሳታነቡ አዳር ጸሎት አድራችሁ ጠዋት ፈተና አትግቡ። በየፕሮግራሙ አገልጋይ ሆኖ በሴሚስተሩ መጨረሻ «ጠላት ተዋጋኝ» የሚል ልጅ አውቃለሁ። የተዋጋው እንቅልፍና ያልተነበበ ሃንድአውት ነበር። የተማሪ ትጋትም አምልኮ ነው።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ኮስት ሼሪንግ በኋላ ይከፈላል፤ የሃንድአውት ኮፒ፣ የታክሲና የሳሙና ግን ዛሬ ይፈለጋል። ያን እሁድ የሰጠናቸው መጽሐፍ ቅዱስ ለአብዛኞቹ ሦስተኛቸው ወይም አራተኛቸው ነው። ለሰባቱ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተን ቢሆን ወይም በየወሩ የኮፒ የሚሆን ትንሽ ብናዋጣ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ነገር እላለሁ። የሽኝቱን እሁድ አንተው፤ ነገር ግን ያለፉትንና ያላለፉትን አብረን እናውጣቸው። ሁሉም ተፈትነዋል፣ ሁሉም ልጆቻችን ናቸው፣ ሁሉም ጸሎት ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛ፣ ልጆቹን ምስክርነት ስናስተምራቸው «ጌታ ስላለፍኩ ወደደኝ» የሚመስል ነገር እንዳይናገሩ እንርዳቸው። የጌታ ፍቅር የታየው በመስቀሉ ላይ ነው፤ በውጤት ማሳወቂያ ድረ ገጽ ላይ አይደለም። ሦስተኛ፣ የሸኘናቸውን ልጆች ሚድ ሲደርስ እንደውልላቸው። ስንደውል ግሬድ አንጠይቅ፤ «ምግቡ እንዴት ነው?» እንበል።

ጌታ የላካቸው ሰባ ደቀ መዛሙርት ሥራቸው ተሳክቶላቸው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ጌታ ደስታቸውን ወደ ሌላ ነገር መራው፤ ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ደስ እንዲላቸው ነገራቸው (ሉቃስ 10፥17-20)። ስኬታቸው እውነተኛ ነበር፤ የሰጣቸውም እርሱ ራሱ ነው። ቢሆንም ደስታቸውን በእርሱ ላይ እንዲመሠርቱ አልፈለገም። ዛሬ የሚሳካ ነገ ላይሳካ ይችላላ! ከዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ስም ይሰረዛል። ፍሬሽማን አልፎ፣ ዲፓርትመንት ደርሶ፣ ከ2015 ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና የሚወድቅም አለ። በበጉ ደም የተጻፈው ስም ግን በጂፒኤ አይሰረዝም።

ባለፈው እሁድ ያችን ልጅ ፈልጌ አገኘኋት። «ያን ቀን በሚገባ አልመለስኩልሽም» አልኳት። «ልትባረሪ ትችያለሽ። እንዳትባረሪ አጥኚ፤ እኛም እንጸልያለን፣ ባለን እንረዳሻለን። ብትባረሪም ግን መድረክ ላይ ወጥተሽ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም። መጥተሽ ቦታሽ ትቀመጫለሽ፤ ከፕሮግራም በኋላም እንደ ወትሮው ወንበር አብረን እናነሣለን።»

እንባዋ መጣ። ከዚያ «ጋሼ፣ እንግዲያውስ ልሂድና ላጥና» አለችኝ።

ግቢ ለምትገቡ ሁሉ፣ ዘንድሮ ላልተሳካላችሁም ሁሉ፣ ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን። እኛም ከእናንተ ጋር እንድንሆን ጌታ ይርዳን። አሜን።