አፍንጫ ያበቀለ መኪና

እኔ ከመኪና ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአፍንጫው ጋር ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቆም ብላችሁ የሚያልፈውን ላንድክሩዘርና ፒካፕ ብታዩ፣ ከጎኑ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ጥቁር ቱቦ ያቆመ አታጡም። ስኖርክል ይሉታል። ስሙም ነገሩም የመጣው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች መርከባቸው ከውሃ ሳይወጣ ሞተሩ አየር እንዲስብ ያቆሙት ቧንቧ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ የሹመት ምልክት ሆነና አረፈ። ድሮ ባላባት በበቅሎው ኮርቻና በአሽከሩ ብዛት ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ በቱቦ ሆኗል።

አንዳንዱ መኪና ከፋብሪካው ይዞት ይመጣል። ሌላው ግን ግቢ ውስጥ ይተከልለታል። የሚያስቀውም የሚያስፈራውም ይኼኛው ነው። ትራፓኖ ይመጣል፣ ፓራፋንጎው ይበሳል፣ ቱቦው በብሎን ይታሰራል፣ ዙሪያው ሲሊኮን ይቀባል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ስታዩት ግን ቱቦው ከአየር ማጣሪያው የሚገናኝበት ጎማ ላላ ብሏል፤ ከማጣሪያው ሥር ያለችው የአቧራ ማፍሰሻ ቀዳዳም እንደተከፈተች ናት። አንዳንዱማ ጭራሽ አልተገናኘም! ቱቦው ለወጉ ቆሟል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ግን በድሮው ቀዳዳ ነው።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩን አስነሡና የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ነገር ጥርቅም አድርጋችሁ ድፈኑት። በትክክል ተገጥሞ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። መሥራቱን ከቀጠለ በሌላ በኩል አየር እየሳበ ነው፤ አየር በገባበት ደግሞ ውሃም ይገባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ላምቅህ ሲለው የሚታጠፈው ቢየላው ነው፤ ሞተሩ እዚያው ወንዝ መሃል ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለው ስኖርክል ባይኖር በስንት ጣዕሙ። ቱቦ የሌለው ሹፌር ቢያንስ ይፈራል።

እሺ፣ በደንብ ተገጠመ እንበል። ያኔም ቢሆን ሞተሩን ያስተነፍሳል እንጂ መኪናውን መሬት ላይ አይቸነክረውም። ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ነው፤ ተራራው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ፎገራ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ጉና ላይ ሲያወርደው ሊውል ይችላል፤ ደራሹ የሚደርሰው እናንተ ሰማዩን አይታችሁ ከተማመናችሁ በኋላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማንም አይነግረውም። የሚፈስ ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና፣ ፒካፑንም ጨምሮ፣ አንሥቶ ይወስዳል። ጣሪያ ላይ ያለው ቱቦ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያለው ያገሬ ሰው ይህንን ባያይም ነገሩን አውቆታል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ወዲህ ነው። ስኖርክል ያለው ሰው ድልድይ አያንገበግበውም። ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ እብናት የገጠር ቀበሌዎች ብትገቡ ክረምት የሚቆርጣቸው ጅረቶች ታገኛላችሁ። ባለ ቱቦው መኪና ውሃውን ቀዝፎ ይሻገራል፤ ስብሰባው ይካሄዳል፣ አበሉም ይወራረዳል። በቃሬዛ የተያዘችው ወላድ ግን ማዶ ሆና ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ኧረ ለመሆኑ ያ ኃላፊ ሁለት ክረምት በእግሩ ቢሻገር ድልድዩ በሦስተኛው ዓመት በጀት ውስጥ አይገባም ነበር?

ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያንን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ገደል እያስናዱ መንገድ አስጠረጉለት፤ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስለ ጭካኔያቸው የሚባለው ይባል፣ እኔም እላለሁ። ነገር ግን መንገድ ሳይኖር መድፍ እንደማያልፍ ገብቷቸው ነበር።

ሰባራ ድልድይንም ላንሣ። ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን በዓባይ ላይ የሚያገናኘው ይህ የፋሲል ዘመን ድልድይ ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ መካከሉ ተቆርጦ፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ! በ1993 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ያንን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ አላስቻለውም፤ ሰውና ገንዘብ አሰባስቦ በዓመቱ አስጠገነው፤ ኋላም የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የእኛ ሰዎች ምን ላይ እንደነበሩ እናንተው ገምቱ።

አምቡላንስስ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለአምቡላንስ ያስፈልጋል፣ ተፈትኖ ይገጠምለት። በበጋም ቢሆን ጎማ ሥር ካለው አቧራ ይልቅ ከላይ ያለውን አየር መሳብ ማጣሪያውን ያስርፋል። ይህንን አልክድም። ከዚህ አልፎ ለወግ የሚተከለውን ነው የምቃወመው።

ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ መካኒክ አውቃለሁ። ገጥሞ ሲጨርስ «ጋሼ፣ አፉን ደፍነን እንሞክረው» ሲላቸው ብዙዎቹ እንደሚቆጡት አጫውቶኛል። «ለሞተሩ ብዬ ነው እንጂ ለእኔ ምን ቸገረኝ» ይላል። አንዱን ደንበኛ የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገርበት ጠይቆት ነበር። ሰውየው ወንዝ አላነሣም፤ «ያለቃዬ መኪና ላይ አይቼው ነው» አለው።